ሸራ የሌለው ታንኳ

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ ነው ነገሩን የቆሰቆሰው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭነው የሚገቡትን ታንኳዎች ሲያይ ቆየና ወደ አንድ አዛውንት ቀዛፊ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ንፋስ በነጻ እየነፈሰ ለምን ሸራ አትሰቅሉም?» አላቸው። አዛውንቱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው፣ እንዲንጠፈጠፍ ከዛፍ ጋር አስደግፈው ሊያቆሙት እየታገሉ ነበር።

«ንፋሱን መቼ አየኸው?»

«አሁን ነዋ፣ ከቀትር በኋላ።»

«እኔስ የወጣሁት መቼ ይመስልሃል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። አዛውንቱም ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም፤ ታንኳውን እንዲያግዛቸው በአገጫቸው ጠቆም አደረጉት።

ይህ ጥያቄ በጣና ዳር ደጋግሞ ይነሳል። ጎብኚ ያነሳዋል፣ ባለሙያ ያነሳዋል፣ በሌላ አገር ሐይቅ ላይ ባለሸራ ጀልባ ሲሽቀዳደም ያየ ሁሉ ያነሳዋል። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ሐሳብም ግልጽ ነው፦ የጣና ሰው ንፋስን መጠቀም አላወቀበትም ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ክርክር ከአዛውንቱ ወገን ነው፤ ከዚያም አልፎ ግትር ነው። በእሱ እምነት የጣና ቀዛፊ ንፋሱን ከማንም በላይ ይጠቀምበታል፤ የሚጠቀምበት ግን እንደ ሰዓት ነው እንጂ እንደ ሞተር አይደለም።

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ቀን ፀሐይ ስትበረታ በዙሪያው ያለው የብስ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይመጣል። ሌሊት ይገለበጣል፤ ምድሩ ፈጥኖ ይበርዳል፣ አየሩም ከየብስ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለተቀመጠች የቀኑ ንፋስ የሚመጣባት ከሰሜን፣ ከውሃው በኩል ነው። እንግዲህ ጎህ ሳይቀድ ከባሕር ዳር የወጣ ሰው የሌሊቱ ንፋስ ጀርባውን ይዞ ይሸኘዋል፣ ከቀትር በኋላ የሚመለስ ደግሞ የቀኑ ንፋስ እየገፋ ቤቱ ያደርሰዋል። ሸራ ሳይሰቀል፣ ገመድ ሳይሳብ፣ ሰውየው ራሱና ጭነቱ ሸራ ሆነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን አንድ ክፍተት አለ፤ ሙያው ያለውም እዚያ ላይ ነው። የሌሊቱ ንፋስ ደክሞ የቀኑ ገና ሳይቆርጥ፣ ረፋድ ላይ፣ ሐይቁ ሐሳቡን እንዳልወሰነ ሰው ይሆናል። አንዴ ከምሥራቅ፣ አንዴ ከምዕራብ ትንሽ ትንሽ ይነፍሳል፤ መሃሉ ላይ ጸጥ ይላል። ውሃው ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ ቦታዎች ብቅ ይላሉ፤ ንፋስ የነካቸው ናቸው። የነጣውና የሚያብረቀርቀው ውሃ ንፋስ ያልደረሰበት ነው። በሌላው ዓለም በደሴት ዙሪያ በባለሸራ ጀልባ የሚሽቀዳደሙ አማተሮች በእንዲህ ያለ ቀን ዓይናቸው የሚማትረው ያንን ጠቆር ያለ ውሃ ፍለጋ ነው፤ እዚያ ካልገቡ ባሉበት ይቀራሉ። ከሁሉ የከፋው ደሴቱ ንፋሱን የሚከልልበት ወገን ነው። ሲመራ የነበረው ጀልባ እዚያ ገብቶ ሸራው ሲረግብ፣ በውጭ በኩል ዞሮ የመጣው የመጨረሻው ሰው ያልፈዋል።

የታንኳ ሰው ይህንኑ ውሃ በዚያው ዓይን ያነብበዋል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ከጠቆረው ይሸሻል፣ የነጣውን ይይዛል፣ ደሴቱን ይጠጋል። ዛፍ የበዛበት ዳርቻ ንፋሱን ሲከልልለት የእጁ ጉልበት በሙሉ ወደ ፊት ይሄድለታል። በጣና ላይ ሁለት ታንኳዎች ጎን ለጎን ከሆኑ እሽቅድድም ሳይባል እሽቅድድም ነው፤ ማገዶ ጭኖ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሸጣል፣ ከዚያ በላይ ዳኛ አያስፈልግም። የአባይ መውጫ አጠገብ ያለውን የደብረ ማርያም ደሴት መዞር ለሚፈልግ ሰው ምክሩ አጭር ነው፦ ገላጣውን፣ የሰሜኑን ወገን፣ ንፋሱ ሳይነሳ ቀድመህ ጨርስ። ጉልበት ያለው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። በተከለለው በኩል ጀምሮ ሲገሰግስ ይቆይና፣ ገላጣው ላይ ሲደርስ የቀኑ ንፋስ ግንባሩን ይለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጭነት ሳይነገር ማለፍ አይቻልም፤ የጸሐፊው ዋና አባዜ ይኸው ነው። ታንኳ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ነው። ከደንገል የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ከሆዱ ሥር ወደ ውሃ የሚወርድ ምንም ነገር የለውም። ስለዚህ ንፋስ ከጎን ሲመጣ አፍንጫውን ይዞ ያዞረዋል። ጀማሪ ይህንን በክንዱ ሊመልስ ይሞክራል፤ ንፋሱ በሚሄድበት ወገን ብቻ እየደጋገመ ይቀዝፋል፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ትከሻው ይዝላል። የበሰለ ቀዛፊ ከመነሻው ጭነቱን ትንሽ ወደ ፊት ይገፋል። አፍንጫው ሲጠልቅ ውሃው ይይዘዋል፣ ንፋሱ የሚገፋው ኋላውን ይሆናል፣ ታንኳውም አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ማዞር ይጀምራል። አንድ ሸክም እንጨት አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት መግፋት አንድ ተጨማሪ ቀዛፊ ከመጫን ይሻላል። ንፋስ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፣ አለዚያ አፍንጫው እየተቀበረ ታንኳው ከመንገዱ ይወጣል። ወጥቶ የሚመለስ ሰው በቀን ሁለቴ ጭነቱን ማሰብ አለበት ማለት ነው። ስለ ክንድ ጥንካሬ የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ተማሪው ግን በዋዛ የሚለቅ አልነበረም። በሌላ ቀን ማስረጃ ይዞ መጣ፦ የቶር ሄየርዳልን ጉዞ። ኖርዌጂያዊው ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። የቻድ ሐይቅ ሠሪዎች አሰሩት፣ «ራ» ተባለ፣ ሸራ ተሰቀለበት፣ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣ። «የጣና ደንገል በሸራ አትላንቲክን ከቀዘፈ ዘጌ መድረስ እንዴት ያቅተዋል?» አለ ልጁ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ጸሐፊውም ቢሆን ይህን ታሪክ ይወደዋል። ግን እስከ መጨረሻው መነገር አለበት። «ራ» ከሳምንታት በኋላ ኋላው ውሃ እየጠጣ ይሰምጥ ጀመር። በግብፃውያኑ ሥዕል ላይ የጀልባውን ኋላ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታይ ነበር፤ ጥቅሙ የታወቀው ከረፈደ ነው። ሠራተኞቹ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳይደርሱ ጀልባውን ጥለው ወጡ። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች የሠሩት «ራ 2» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። ዛሬ ኦስሎ ውስጥ በኮን ቲኪ ሙዚየም ቆሟል።

ታዲያ ምን ያረጋግጣል? ደንገል ሸራ እንደሚሸከም ያረጋግጣል። ይህን የካደ ሰው የለም፤ የቲቲካካ ሰዎችም በሸምበቆ ጀልባቸው ላይ ሸራ ይሰቅሉ ነበር። ልዩነቱ ንፋሱ ላይ ነው። ሄየርዳል የተሳፈረበት የአትላንቲክ ንፋስ ሳምንታት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነፍስ ነው፤ ጀልባው መዞር አያስፈልገውም፣ መገፋት ብቻ ነው ሥራው። ጣና ላይ ንፋስ በአንድ ቀን ውስጥ ፊቱን ያዞራል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሆዱ ለጥ ያለ፣ ሥሩ ሳንቃ የሌለው ታንኳ ሸራ ቢሰቀልበት ከጎን በመጣ ንፋስ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሌላም አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በስድስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ እዚህ የሚገፋው በዚያው ልክ ባነሰ ኃይል ነው። ጥልቀቱም ቢሆን ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ እንዲህ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ንፋስ ሲበረታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ተከታትሎ ይመታል። ሸራ የሚያስፈልገው ብርቱ ንፋስ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ላይ የዋለው ደንገል ርሶ ከብዷል። ለዚህ ነው ታንኳ ከውሃ እንደወጣ ቆሞ የሚደርቀው፤ ያልደረቀ ታንኳ ለነገ አይሆንም።

ብዙዎች ታንኳን የድህነት ምልክት ያደርጉታል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ ክፉኛ ሲቀንስ ግን ሌላ ነገር ታየ። ትላልቆቹ መርከቦች ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር ዝቅ ካለ መንቀሳቀስ አይችሉም፤ ያን ዓመት ከዚያ በታች ወርዶ ለወራት ቆሙ። ድርቅ ነበር፤ በላዩም በጨራ ጨራ በር በኩል ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ ነበር። ታንኳ ግን ስንዝር ውሃ ካገኘ ይሄዳል። ቀዛፊው የሚይዘው ቀርከሃም ውሃው ጥልቅ ሲሆን መቅዘፊያ ነው፣ ሲጎድል መሬት እየወጉ መግፊያ ነው።

ጸሐፊው መቅዘፍን የተማረው በጉልምስና ነው፤ ያስተማሩትም ከሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ያሉ ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ ታንኳ በመሥራት ግን የሚስተካከላቸው የለም። ድሮ ጉማሬ ያደኑና ይበሉ ስለነበር ጎረቤቱ ይጸየፋቸው ነበር። ዓሣቸውን ይገዛል፣ በታንኳቸው ይሻገራል፣ ከማዕዱ ግን ያርቃቸዋል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ከከተማ ለመጣ ጎልማሳ በትዕግሥት «ቆይ፣ ገና ነው፣ አትውጣ» እያለ ንፋስ ማስተማሩ ለጸሐፊው ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የተማረው ትምህርት አብዛኛው አለመውጣት ነበር። ሥራን በላብ መጠን ለሚመዝን ሰው፣ ጠዋት ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጭስ ማየት ሥራ ነው ሲባል መቀበል ይከብዳል። ጭሱ ግን ይናገራል፦ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ወደ ሐይቁ ካዘነበለ የሌሊቱ ንፋስ አለ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ክፍተቱ ደርሷል፣ ወደ ከተማው ከዞረ የቀረህ መመለስ ነው። ጸሐፊው እስከ ዛሬ ከሐይቁ ርቆ በሚያድርበት ከተማ ሁሉ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ጭስ ወዴት እንዳዘነበለ ነው። ጭስ ከሌለ ቅጠል ያያል። ለምን እንደሚያይ የቤተሰቡ ሰዎች መጠየቅ ትተዋል።

አሁን አሁን ስሌቱ እየተለወጠ ነው። በደቡቡ ዳርቻ ደንገሉ ሳስቷል፤ ውሃው ሲሸሽ ሰው እየተከተለ ያርሰዋል፣ የቀረውን ያጭደዋል። ደንገል ሲወደድ ታንኳ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ታንኳ ደግሞ ንፋስ በቀላሉ ያዞረዋል። ስለ ጭነት የተባለው ሁሉ ለእሱ ይበልጥ ይሠራል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም ተጨምሯል። እምቦጭ ሥሩን መሬት ላይ አይተክልም፤ ምንጣፍ ሆኖ ንፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል። ጠዋት ክፍት የነበረ መውረጃ ከቀትር በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ ርሶ የከበደ ታንኳ ደግሞ እዚያ አረንጓዴ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ በቀርከሃ መግፋት ዘበት ነው። እዚያ የሚወጣ ሰው የንፋሱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ምንጣፉ ዛሬ ወዴት እንደሚገፋ አስልቶ፣ ከመነሻው ራቅ ያለ ሁለተኛ መውረጃ አስቀድሞ መምረጥ ይኖርበታል፤ ጭነቱን የሚቀበለውም ሰው በሁለቱ መካከል እንዲጠብቀው መንገር አለበት።