የውኃ ጉድጓዱ አለ፤ ዑለማዎቹስ? በአል-ገርብ ቤተ መዘክሮች ላይ የቀረበ ሒስ

ፖርቱጋል የሚለው ስም በእኛ ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዘመን ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. 1541። በዚያ ዓመት በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮች ከምጽዋ ተነሥተው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ለመውጋት ወደ ደጋው ወጡ። ተማሪዎቻችን ስለዚያች አገር ከዚህ ያለፈ እምብዛም አይማሩም። የእነዚያ ወታደሮች አገር ደቡባዊ ክፍል ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ በሙስሊሞች ሥር እንደ ነበረ፣ ዛሬ አልጋርቭ የሚባለውም ክፍለ ሀገር ስሙን «አል-ገርብ» ማለትም «ምዕራቡ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል እንዳገኘ ስንነግራቸው ይደነቃሉ። መምህራኑም ብንሆን አንደሉስን ስናስተምር ቁርጡባንና ገርናጣን አልፈን እስከዚያ ጫፍ አንዘልቅም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአልጋርቭና ከእርሱ በስተ ሰሜን በጓዲያና ወንዝ ዳር ባለችው በሜርቶላ የሚገኙት ቤተ መዘክሮችና የታሪክ ስፍራዎች ያንን ሕዝብ ለጎብኚ እንዴት አድርገው እንደሚያሳዩ ነው። በየቦታው ስንዘዋወር አንድ ጥያቄ አልተለየንም፤ የሙስሊሞቹን ጓዳ ያየ ሰው እስልምናቸውንስ አይቷልን?

ከሲልቪሽ እንጀምር። የዐረብ ጸሐፍት ሺልብ ይሏታል። የከተማይቱ የአርኪዮሎጂ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1990 ሲከፈት በአንድ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ተሠርቶ ነበር። ጉድጓዱ የሙወሒዶች ዘመን ሥራ ነው፤ 18 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ግድግዳውን እየዞረ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃም አለው። ሕንፃውን የነደፉት ሰዎች ጉድጓዱን ከነቦታው አስቀርተው ሌላውን ሁሉ በዙሪያው መደርደራቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ዕቃ ከቦታው ተነሥቶ በመስታወት ሣጥን ሲገባ ግማሽ ነገሩን ያጣል፤ ይህ ግን ውኃ የሚቀዳ ሰው እግር የረገጠውን ደረጃ እንደያዘ በቦታው አለ።

እዚህ ላይ መምህሩ የሚጨምረው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1189 ንጉሥ ሳንቾ ቀዳማዊ በመርከብ በመጡ መስቀላውያን ታግዞ ሺልብን ሲከብ፣ ከተማይቱን እጅ ያሰጣት ከሁሉ ይልቅ የውኃ ጥም ነበር። ነዋሪዎቿ ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሙወሒዶቹ ኸሊፋ አቡ ዩሱፍ የዕቁብ አል-መንሱር ቢያስመልሷትም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለመጨረሻ ጊዜ ከሙስሊሞች እጅ ወጣች። የዕቃ መግለጫ ዘመንና ልክ ይነግረናል። ጥሙን የሚነግረን የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ካልተነበቡ ጉድጓዱ የግንበኛ ጥበብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከቀይ ድንጋይ በተሠራው ምሽግ በር ላይ የሳንቾ ሐውልት ቆሟል፤ እታች ከተማው ውስጥ ደግሞ በአል-ሙዕተሚድ ኢብን ዐባድ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። አንዲት ከተማ ድል አድራጊዋንም የቀድሞ ገዥዋንም ስታከብር ማየት የተለመደ አይደለም፤ ለዚህ የከተማይቱን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ይሁን እንጂ ከሙስሊሞቹ መካከል የተመረጠው ማን እንደ ሆነ ልብ እንበል። አል-ሙዕተሚድ በወጣትነቱ ሺልብን ያስተዳደረ፣ ኋላም በኢሽቢሊያ የነገሠ ባለቅኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1091 በሙራቢጦች ተሽሮ በ1095 (488 ሂ.) በመግሪብ ምድር በአግማት በስደት ሞተ። ግጥሙን አንነቅፍም፤ የመጨረሻ ዘመኑ ችግርም ልብ ይነካል። ነገር ግን ለዛሬ ጎብኚ በቀላሉ የሚስማማ ሙስሊም እርሱ ነው፤ አትክልቱ፣ ፍቅሩና የወይን ጽዋው ከማንም ጋር አያጣላም። በእርሱ ብቻ የምትታወቅ አንደሉስ አዛን የማይሰማባት አንደሉስ ናት።

ወደ ሎሌ እንለፍ። እዚያ በቁፋሮ ወጥቶ በቅርብ ዓመታት ለጎብኚ የተከፈተ የሙስሊሞች ዘመን ሐማም አለ። የዐረብ መጻሕፍት ከተማይቱን አል-ዑልያ ይሏታል። የሸይኽ ሙሕዪዲን ኢብን ዐረቢ የመጀመሪያ ሸይኽ የነበሩት አል-ዑርያኒ የዚህች አገር ሰው ናቸው፤ መጻፍና መቁጠር የማያውቁ ገበሬ እንደ ነበሩ ተማሪያቸው ራሱ መዝግቧል። ከሜርቶላም ዛሂዱ አቡ ዒምራን አል-ማርቱሊ ወጥተዋል። በአቅራቢያዋ በቤጃ ስም የሚታወቁት አቡል-ወሊድ አል-ባጂ (474 ሂ. ያረፉት) በ«ሙወጠእ» ላይ ያዘጋጁት «አል-ሙንተቃ» የታወቀ ሸርሕ ነው። ከክፍለ ሀገሩ ጥቂት ወጣ ብንል ደግሞ፣ የ«አል-ኢስቲዝካር» ባለቤት ኢብን ዐብዲል-በር (463 ሂ. ያረፉት) በሊዝቦንና በሳንታሬም ቃዲ ሆነው አገልግለዋል። ስማቸው በየሐለቃችን ይነሣል፤ የፈረዱበትን ከተማ ግን ከፖርቱጋል ጋር የሚያገናኘው ደረሳ ስንቱ ነው?

ስለዚህ ወቀሳው ግማሹ ወደ እኛ ይመለሳል። ቤተ መዘክሮቹ ከአፈር የወጣውን ያሳያሉ፤ አፈርም ማሰሮን፣ የመብራት ኩራዝንና የሐማም ወለልን ይጠብቃል እንጂ ደርስን አይጠብቅም። የዑለማዎቹን ስም የያዙት የጠበቃት መጻሕፍት በእኛ እጅ ናቸው። ቆፋሪው ድርሻውን ተወጥቷል፤ መጽሐፉን ይዘን ወደ ስፍራው መሄድ የእኛ ሥራ ነበር።

የታቪራው ቤተ መዘክር ለኢማሞች ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሣል። በእስላማዊው ክፍል የታወቀው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1996 በቁፋሮ የተገኘው የ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸክላ ዕቃ ነው። በአፉ ዙሪያ ከጭቃ የተሠሩ ትናንሽ ምስሎች ተደርድረዋል፤ ፈረሰኛ፣ ቀስተኛ፣ ሴት፣ ሙዚቀኛ፣ እንስሳትም አሉበት። ሠርግን ያሳያል የሚል ግምት አለ። ነፍስ ያለውን ነገር ምስል በተመለከተ ፉቀሃእ የተናገሩትን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ ስለ ልጆች አሻንጉሊት ያለውን የተለየ ውይይትም እንዲሁ። አንዳንድ መምህራን ተማሪዎችን ይዘው ቢሄዱ ይህን ዕቃ ዘለው ማለፍ ይመርጡ ይሆናል። እኛ መዝለሉን አንደግፍም። ዕቃው ሑክም አያወጣም፤ ሑክምም አያሽርም። በአንድ ሙስሊም ከተማ፣ በሙራቢጦች ዘመን ዋዜማ ወይም መባቻ፣ ሰዎች በቤታቸው ምን ያኖሩ እንደ ነበር ይመሰክራል። የፊቅህን ሕግ የሚያስተምር ሰው ሕጉ የሚነገረው ለምን ዓይነት ሕዝብ እንደ ነበር ማወቁ አይጎዳውም።

የፋሮው ቤተ መዘክር በቀድሞ የሴት መነኮሳት ገዳም ውስጥ ነው፤ የእስልምና ዘመን ስብስቡ መልካም ቢሆንም ከላይ ካልነው የተለየ ነገር አይጨምርልንም።

ከሁሉም ይልቅ ያቆመን የሜርቶላ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሙወሒዶች የተሠራ መስጂድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1238 ከተማይቱ በሳንቲያጎ ማኅበር ፈረሰኞች እጅ ስትገባ ሳይፈርስ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው በሮች እስካሁን አሉ፤ ሚሕራቡም ከመሠዊያው ጀርባ በግድግዳው ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው የሜርቶላ የአርኪዮሎጂ ማዕከል በከተማይቱ ልዩ ልዩ ቤቶች የተበተነ ቤተ መዘክር አደራጅቷል፤ ጎብኚው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ከተማው ራሱ ይነበባል። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው «የእስልምና በዓል» ግን አላረካንም፤ ገበያ፣ ሙዚቃና የቅመም ሽታ ሃይማኖትን ለማስተዋወቅ ጠባብ በር ናቸው።

በዚያ ሚሕራብ ፊት መስገድ እንችላለን ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። ቤቱ ዛሬ የሌሎች ማምለኪያ ነው፤ ባለቤቶቹ ሚሕራቡን አልደፈኑትም፤ ለማንም ያሳያሉ። ሰላታችንን የምንሰግድበት ሌላ ንጹሕ ምድር ስላለን በዚያ ተከራክሮ መስገድን አደብ ብለን አንቆጥረውም። ዝም ብሎ ቆሞ ቂብላው ወዴት እንደ ዞረ ማየት ይበቃል።

መጨረሻ የሄድነው ከአልዠዙር አቅራቢያ በአትላንቲክ ገደል አፋፍ ወዳለው የአሪፋና ሪባጥ ነው። ሪባጡን እ.ኤ.አ. በ1130 ገደማ የመሠረተው ኢብን ቀሲ ነው፤ ቦታው ተለይቶ የታወቀው በ2001 ነው። ትናንሽ መስጂዶች ከነሚሕራባቸው፣ የመቃብር ስፍራም አለ። ኢብን ቀሲ አከራካሪ ሰው ነው። በ1144 ሙሪዶቹን አስነሥቶ ሜርቶላን ያዘ፤ ኢማምነትንም ለራሱ አወጀ። ኋላም ከፖርቱጋሉ ንጉሥ ከአፎንሶ ኤንሪኬሽ ጋር ስለ ተወዳጀ በ1151 (546 ሂ.) የሺልብ ሰዎች ገደሉት። «ኸልዑ ነዕለይን» የተባለውን መጽሐፉን ኢብን ዐረቢ ሲያብራሩ ከወቀሳ አላዳኑትም። በሜርቶላ ምሽግ አጠገብ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ተሠርቶለታል፤ እርሱና ሙሪዶቹ ሰላት የቆሙባቸው ግንቦች ግን በገደሉ ላይ ከጉልበት ብዙም የማይበልጡ የድንጋይ ረድፎች ናቸው። ሚሕራቦቹ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ምሥራቅ ያያሉ።