ስለ ሊኑክስ የጀማሪዎች ትምህርት፤ የአንድ ምዕራፍ ግምገማ

ዊልያም ሾትስ የጻፉት «ዘ ሊኑክስ ኮማንድ ላይን» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በኖ ስታርች ፕሬስ ታትሞ፣ በ2019 ተሻሽሎ እንደገና ወጥቷል። ደራሲው የኢንተርኔቱ እትም ሳይለወጥና ሳይሸጥ እንዲባዛ ስለ ፈቀዱ መጽሐፉ በጀት ላጠራቸው ትምህርት ቤቶች አመቺ ነው። እዚህ የሚመረመረው የፋይልና የማኅደር አያያዝን የሚያስተምረው 4ኛው ምዕራፍ ነው።

የምዕራፉ ዋና ብልጫ ተማሪው ያለ ስጋት የሚለማመድበትን ሜዳ በገዛ እጁ እንዲያዘጋጅ ማድረጉ ነው። ተማሪው በ«ኤምኬዲር» ማኅደር ይፈጥራል፤ በ«ሲፒ» ይገለብጣል፤ በ«ኤምቪ» ስም ይለውጣል ወይም ያዛውራል፤ በ«አርኤም» ያጠፋል። ውጤቱንም በ«ኤልኤስ» ያያል። ሥራና ምልከታ ሲፈራረቁ ትምህርቱ ከቃል ጥናት ይላቀቃል።

ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ ያጠያይቃል። ልምምዱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ጀማሪው አንድ ፋይል እንኳ ሳይገለብጥ፣ ብዙ ፋይሎችን ባንድነት የሚወክሉ እንደ ኮከብ ያሉ ምልክቶችን እንዲያውቅ ይጠየቃል። አንድን ፋይል በተለያየ ስም የሚያስጠሩት ማያያዣዎችም በዚሁ ምዕራፍ ታጭቀዋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የማስጠንቀቂያው አሰጣጥ ነው። «አርኤም» ያጠፋው እንደማይመለስ፣ ከኮከብ ምልክት ጋር ከመጠቀም በፊትም በ«ኤልኤስ» መፈተን እንደሚገባ ደራሲው በጉልህ ያሳስባሉ። ዳሩ ግን «ሲፒ» እና «ኤምቪ» በመድረሻው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲያገኙ ሳይጠይቁ ይተኩታል። ይህ አደጋ የተገለጸው በአማራጮች ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። ባዶውን የውጤት መመዝገቢያ በተሞላው ላይ የገለበጠ መምህር የወሰነትምህርት ድካሙን ያጣል፤ ያጠፋም ስለማይመስለው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰረዝና «አይ» ፊደል ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ከመተካቱ በፊት ይጠይቃል። ይህ ልማድ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ሊሰጥ ይገባል።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። «ሲፒ» ከ«ኮፒ»፣ «ኤምቪ» ከ«ሙቭ»፣ «አርኤም» ከ«ሪሙቭ» ያጠሩ ናቸው። ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ማስታወሻ ሲሆን፣ ለእኛ ተማሪ ግን ሥሩ ካልተነገረው ድርቅ ያለ ፊደል ነው።

በጠቅላላው መጽሐፉ ለመምህሩ መመሪያነት ይበጃል። በክፍል ውስጥ ግን ልምምዱን አስቀድሞ፣ ግልበጣን ከጥንቃቄው ጋር አስከትሎ፣ ከዚያም ማጥፋትን አስተምሮ፣ ምልክቶቹንና ማያያዣዎቹን ለመጨረሻ ማቆየት ይመረጣል። ወደ አማርኛ ተርጉሞ ለማሠራጨት የደራሲው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የዕቅድ ባለሙያዎች ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።