የዩኒቨርሲቲ ምርጫና የሕክምና ትምህርት መግቢያ፦ ከምዕራብ ጎጃም ተማሪዎች አኳያ

የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፎ ሐኪም ለመሆን ለሚያስብ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ተማሪ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ስለ ሕክምና አይደለም። የሚቀርብለት የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል እንዲደረድር የሚያዘው የምርጫ ቅጽ ነው። ተማሪው ቅጹን የሚሞላው በአብዛኛው በሁለት ነገሮች ተመርቶ ነው፤ ይኸውም በዩኒቨርሲቲው ዝናና በመንገዱ ርቀት። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ ወደ ሕክምና የሚያስገባው በር የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚጠብ አይናገሩም፤ ቅጹም ይህን ጉድለት አይሞላም።

ጥያቄው ድሮ አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ዕጩዎቹ የቅድመ ሕክምና ትምህርታቸውን የሚከታተሉት አራት ኪሎ በሚገኘው የሣይንስ ፋኩልቲ ነበር። መሰናዶውም ፋኩልቲውም አንድ ስለነበሩ የት ልማር ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ተቋም በ1970ዎቹ መባቻ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ጅማም ተከተለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋሙ በኋላ የጎጃም ልጅ ዓባይን ሳይሻገር የሚማርበት ዕድል አገኘ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሲሆን፣ ሁሉም በላቦራቶሪ፣ በመምህራንና በማስተማሪያ ሆስፒታል እኩል ናቸው ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይዞ ከዚያ ወደ ሕክምና የመግባት መንገድ በአገራችን በስፋት የተሞከረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር 13 ተቋማት በተፈጥሮ ሣይንስና በጤና መስኮች በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቁትን መቀበል ጀመሩ። የሐኪም እጥረቱ የከፋ ስለነበረ ሐሳቡ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ከታች ያለውን ትምህርት አለማየቱ ነው። በፊዚክስ የተመረቀውና በነርስነት ያገለገለው በአንድ ወንበር ሲቀመጡ አንዱ የሰውነትን አሠራር ሌላው የስሌትን መሠረት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቋም የመረጡት አንድ ቀን ሕክምና እንገባለን ብለው አልነበረም። በአሜሪካ ከሕክምና በፊት የኮሌጅ ትምህርት እንዲጠየቅ ትልቅ ግፊት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት ሲሆን፣ አጥብቆ የያዘው ጉዳይ ተማሪው ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና ፊዚክስን በቤተ ሙከራ ተምሮ መምጣቱን ነው። ዲግሪ መያዝና ለሕክምና መዘጋጀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚህ ላይ ለመምህራን ማሠልጠኛ የቀረበ አንድ ጥያቄ አለ። በደጋ ዳሞት ወይም በወንበርማ ገጠር ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ የኬሚስትሪ መምህር ወደ ሕክምና ሲሄድበት ክፍሉን የሚረከበው ማን ነው? ከዚያ ክፍል የሚወጡት የነገዎቹ ዕጩ ሐኪሞች ናቸውና ጥያቄው ከሕክምና ትምህርት ውጭ የሚታይ አይደለም።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርት ፍኖተ ካርታው መሠረት በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት መመለሱ ነው። ዓላማው ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ እንደወጣ በችኮላ መስክ እንዳይመርጥ ማድረግ ነበር። በተግባር የታየው ግን ከዚህ ይለያል። ቀድሞ ተማሪው ሕክምናን በመስክነት ከዩኒቨርሲቲው ጋር አብሮ ይመርጥ ነበር። አሁን አስቀድሞ ግቢው ይወሰናል፤ ሕክምና መግባት አለመግባቱ የሚለየው ደግሞ በዚያው ግቢ ከተመደቡት ጋር ተወዳድሮ ነው። እንግዲህ የመስክ ምርጫው ዘገየ ቢባልም እኩሌታው ቅጹ በተሞላበት ዕለት አልቋል። ከአንድ ክፍል እኩል ውጤት ይዘው የወጡ ሁለት ልጆች አንዱ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ወደሚጎርፉበት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ብዙ ተወዳዳሪ ወደሌለበት ቢመደቡ፣ በዓመቱ አንዱ ዕጩ ሐኪም፣ አንዱ ሳያስበው የሌላ መስክ ተማሪ ሊሆን ይችላል። የየዩኒቨርሲቲው ማርክ አሰጣጥም አንድ ዓይነት ሚዛን የለውም። ይህን የማያውቅ ተማሪ ስለ ዝና ብቻ ሲመርጥ በራሱ ላይ በር ይዘጋል።

እዚህ ላይ የገጠሩ ልጅ ጉዳት ይበረታል። ከሰከላ ወይም ከቋሪት የሚመጣው ተማሪ የኬሚስትሪን ሙከራ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው። በእንግሊዝኛ የተማረውን በእንግሊዝኛ ለመናገርም ልምምዱ አነስተኛ ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት የማካካሻ ዓመት መሆን ሲገባው የማጣሪያ ዓመት ሆኖበታል። ስለዚህ የጠቅላላ ባዮሎጂና የጠቅላላ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ማወቁ የሕንፃውን ውበት ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስለ ርቀት የሚሰጠው ምክር ደግሞ ወደ ሌላ ጽንፍ ያጋድላል። «ራቅ ያለ ቦታ ሂድ፣ ዓይንህ ይከፈት» የሚለው አባባል ለከተሜ ልጅ ያስኬድ ይሆናል። የምግቡና የመኝታው ወጪ በወጪ መጋራት ተይዞ ከተመረቀ በኋላ የሚከፈል ቢሆንም፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከበርበሬና ከበቆሎ ሽያጭ የሚያወጣ ወላጅ ግን ርቀቱን በብር ይቆጥረዋል። ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በሶና ድርቆሽ ለሚያውቁት ሰው አስይዞ መላክ ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች ሲዘጉ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ማስተማር ሲያቆሙ፣ ቅርበት ከስንቅ በላይ ትርጉም እንዳለው ታይቷል። ቅርቡን የመረጠ ተማሪ ፈሪ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም።

ፈተናውን ማለፍ ራሱ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ ማለትም ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች 8.4 በመቶ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ባመጡበት ጊዜ፣ ያለፈው ልጅ ሁለተኛውን ማጣሪያ በጨለማ እንዲገባበት ማድረግ አይገባም። በምርጫ ቅጹ ላይ ከእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ስም ጎን ሦስት ነገሮች ቢጻፉ የሚጠይቁት ወጪ የወረቀት ያህል ነው፤ ሕክምና ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፣ ባለፈው ዓመት ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስንቱን ለሕክምና ተቀበለ፣ ለብሔራዊ ፈተናውና ለዓመቱ ማርክ ምን ያህል ክብደት ሰጠ። መረጃው በየሬጅስትራሩ ቢሮ ያለ ነው። ቅጹ ከመሞላቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ለየትምህርት ቤቱ ቢደርስ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ከተማሪውና ከወላጁ ጋር ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል።