ሦስት መንገድ፣ አንዲት ዲኤክስ

አንዲት መኪና ቡራዩ ካለው ጋራዤ ተጠግና ስትወጣ፣ ቁልፏን ለባለቤቷ ከመስጠቴ በፊት ሦስት መንገድ እነዳታለሁ። አንዱ ሱሉልታ ነው፤ በአስኮና በዊንጌት አድርጌ በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን እወጣለሁ። ሁለተኛው ሰበታ ነው፤ በቀለበት መንገድ እስከ አየር ጤና፣ ከዚያ አለም ገናን አልፌ። ሦስተኛው እዚሁ ሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን ነው። ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ መንገዶቻቸው መኪናን የሚፈትኑበት ለየቅል ነው። ሱሉልታ ትንፋሿንና ፍሬኗን ትፈትናለች፤ ሰበታ ሙቀት መቻሏን፤ ኮብልስቶኑ እግሮቿን። ከእያንዳንዱ ጉዞ መልስ ሞተሩን አጥፍቼ እወርድና መዳፌን በየተራ ወደ አራቱ ቸርኬዎች አስጠጋለሁ። ከግራና ከቀኝ አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ፣ ያ ጎማ ፍሬን እንደያዘ ነው የዋለው።

ይህን ልማድ ያስያዘችኝ የራሴ ዲኤክስ ናት። ቶዮታ እኛ ዲኤክስ የምንለውን የኮሮላ ትውልድ ለገበያ ያቀረበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ዲኤክስ «ደሉክስ» ከሚለው ቃል የተቆረጠ የደረጃ ስም ነበር፤ በእኛ አገር የመኪናዋ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለብዙ ሰው የቤተሰብ መኪና ናት፤ አራት በር፣ 1,290 ሲሲ ሞተር፣ በአዲስነቷ 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት። እኔ ግን ከሥሯ ተኝቼ ስለማውቃት የስፖርት መኪና እላታለሁ። ሞተሯ ከፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፤ ክብደቷ 900 ኪሎ አይሞላም፤ የኋላ እግሯ በባሌስትራ ሳይሆን በሞላ የቆመ ነው። በጃፓን ተራሮች መንገድ ስሟ የገነነው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣችው ኤኢ86 ኮሮላም የአካሏን አሠራር አብዛኛውን የወረሰችው ከዚህችው ትውልድ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለችን መኪና በእንክብካቤ መያዝ ከፍቅርም የዘለለ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። አንዲት ዲኤክስ ላሜራዋ ያላግባብ ከተቆረጠ ወይም ከተበየደ፣ በምትኳ ሌላ አትመጣም። ስለዚህ ረዳቶቼን በመጀመሪያ ቀናቸው የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ነበረበት ሊመለስ የማይችል ሥራ በመኪና ላይ አትሥሩ።

አንድ ወጣት ከሱሉልታ ዲኤክስ ገዝቶ መጣ። ላሜራዋን በማግኔት ዞርኩት፤ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም፣ የእሷ ግን ጤነኛ ነበር። የሻንሲ ቁጥሯም ከሊብሬዋ ጋር ይገጥማል። ደህና መኪና ገዝቷል።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «5ኬ ሞተር አግኝቻለሁ። እሱን ይግጠሙልኝና ማርሚታዋን ይክፈቱልኝ። ሞላዋንም ትንሽ ቆርጠው ዝቅ ያድርጉልኝ።»

«የፍሬን ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው?» አልኩት።

አላወቀም። እኔም በእሱ ዕድሜ አላውቅም ነበር። ያኔ የራሴን መኪና ሞተር አጠንክሬ፣ ጎማዋን አሳምሬ፣ ፍሬኗን ግን ሳልነካ ሱሉልታ ደርሼ እየተመለስኩ ነበር። ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት በፍጥነት ተያያዝኩት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ለሰለሰ፤ ደግሜ ስረግጠው ወለል ነካ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብኩ፣ መንገድ ዳር ካለ የአፈር ክምር ጋር አስታክኬ አቆምኳት። ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴ ነበረች። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም።

ከቆምን በኋላ ፔዳሉ ተመልሶ ጠነከረ። ፍሬኑ አልተበጠሰም ነበር፤ ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ይጀምርና በእርጥበት ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ሞተሩን ባጠነከርኩ ቁጥር ፍሬኑ የሚሸከመውን ሙቀት እየጨመርኩበት ነበር፤ ዘይቱ ግን ያው ያረጀው ዘይት ነው። ያን ቀን የሙያዬ ቅደም ተከተል ተገለበጠ። አሁን ማሻሻል የምጀምረው መኪና ከሚያቆመው ነው፤ ቀጥሎ የሚያቀዘቅዘውን፣ ቀጥሎ የሚሸከመውን እሠራለሁ፤ የሚያስሮጠው መጨረሻ ነው።

ስለዚህ የወጣቱንም መኪና ከፍሬን ጀመርን። የዋናውን ፓምፕ ጎሚኒዎች ቀየርን፤ የደረቁትን የጎማ ቱቦዎች ጣልን፤ የኋላውን ሸራ አደስን። ከዚያ ንጹሕ ዶት 4 ሞልተን፣ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረን አየሩን አስወጣን። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ሆኖ ብሎኑን ይፈታል፣ ያስራል። ወጣቱን ራሱን ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጠቆር ያለው ዘይት ወጥቶ አልቆ የጠራው ሲከተል፣ ፔዳሉ ጠንክሮ ሲመጣ በእግሩ እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ቀጥሎ የሱሉልታ አየር መጣ። ከተማዋ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራባትና አትሌቶች የሚከትሙባት አየሯ ስስ ስለሆነ ነው። የሯጭ ሰውነት ሳምንታት ሲሰጡት ደሙን አብዝቶ ከስሱ አየር ጋር ይስማማል። ካርቡራተር ግን ራሱን አያለማምድም። ለባሕር ዳርቻ አገር የተመጠነው የቤንዚን ቀዳዳው፣ ጂግለሩ፣ አየሩ በሩብ ገደማ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። 60 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 45 ይወርዳል፤ የተረፈው ቤንዚን ጥላሸት ይሆናል።

ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ በመሣሪያ ከመለካታቸው በፊት ካንዴላ ያነቡ ነበር። የተጠበሰ ቡና ዘር የሚመስል ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ሰላም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል። በዘይት ከራሰ ፋሻው ወይም የቫልቮላው ጎሚኒ አርጅቷል። ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፤ ቃላቱ ከጣሊያንኛ ቢመጡም ዛሬ የሚናገሩት የእኛ እጆች ናቸው። የወጣቱ ካንዴላዎች ጥቁር ነበሩ። ዋናውን ጂግለር በአነስተኛ ቀየርን፣ የእሳቱን ሰዓት ጥቂት አስቀደምን፣ ቫልቮላዎቹን ሞተሩ እንደጋለ አስገቢውን በ0.20፣ አስወጪውን በ0.30 ሚሊ ሜትር አስተካከልን። ሌላ ሞተር ሳይገባ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች።

የሰበታው ፈተና አጭር ነው። በጅማ መንገድ ከጭነት መኪኖች ኋላ ሲቆም ነፋስ የለም፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ራዲያተሩ ብቻ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጎሚኒው ጤነኛ የሆነ ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ የላላ ስለሆነ ብቻ መኪናው ይፈላና ቴስታታው ይጣመማል፤ ባለቤቱ ግን የሚወቅሰው ሞተሩን ነው። የወጣቱን ክዳን ቀየርን፣ ራዲያተሩን አሳጠብን።

ስለ ሞላው እንቢ አልኩት። የተቆረጠ ሞላ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ጉድጓድ ሲገባም አካሉ ከጎሚኒው ጋር ይጋጫል። መኪና ኩርባ ላይ እንድትረጋ የሚያደርጋት ዝቅታዋ ብቻ አይደለም። የእግሯን መጋጠሚያ የሚይዙት ቦኮላዎች ካረጁ ጎማው በየኮብልስቶኑ ያሻውን አቅጣጫ ይይዛል። ሶማሌ ተራ ሄደን ቦኮላና ሾክ አብዞርበር መረጥን። ቦኮላውን በጥፍሬ ጫን አደርጋለሁ፤ ሰንጠቅ ካለ አልገዛም። ኩሽኔታ በጣቴ ላይ አሽከረክራለሁ፤ ሲዞር አሸዋ እንደያዘ ከተንኳኳ እመልሰዋለሁ። አራቱ ጎማዎችም አንድ ዓይነት ይሁኑ ብዬ አጥብቄ ነገርኩት፤ ከመንገዱ ጋር የሚያገናኟት እነሱ ብቻ ናቸውና።

ሞተሩን የገጠምነው ከወራት በኋላ ነው። 5ኬ 1,486 ሲሲ አለው፤ በላይት ኤስ ሚኒባስ ውስጥ የሚገኝ የዚያው ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ ላሜራ ሳይቆረጥ ይገባል። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠም ስላለበት መጀመሪያ ወረቀቱን እንዲጨርስ አደረግሁ። ማርሚታዋ ግን አልተከፈተም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

በቀደም ከደጀን ሲመለስ ብቅ አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቷል፤ ሲመለስም እንዲሁ። የመጣው ከአዲሱ ገበያ ቁልቁለት በቀጥታ ነው። ስለ ፍጥነቷ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ሰላም ሳይለኝ ዞረ። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወደ ፊተኛው ግራ ቸርኬ አስጠጋ። ቀጥሎ ወደ ቀኙ። ከዚያ ወደ ኋለኞቹ።

«እኩል ናቸው፣ ጋሼ፣» አለኝ።