ውጤት የሚሞላው ሰው

መምህር ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲመደብ ቶሎ የሚለወጠው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ጨዋታ ነው። እሱ ሲገባ ወሬው ይቋረጣል፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው ጠመኔውን ይዞ ይነሳል። ስለ ጠሉት አይደለም። የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸውን የሚሞላው፣ ለደረጃ ዕድገታቸውም የሚፈርመው አሁን እሱ ነው። ውጤትህን በሚሞላ ሰው ፊት እንደ ልብ አይወራም። አዳዲስ ተሿሚዎች «ጓደኞቼ ራቁኝ» ብለው ሲያዝኑ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ የራቁት ከወንበሩ ነው።

ከላይ በኩል ደግሞ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይጠይቃል፣ ሱፐርቫይዘሩ ቼክ ሊስቱን ይዞ ይመጣል፣ ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድበዋል። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ ትምህርት ቤት የሕዝብ ልጆች የሚውሉበት ቤት ነውና። ግን ከእነዚህ ለአንዳቸው «ይህ ነገር ከአቅሜ በላይ ሆነ» ያለ ርዕሰ መምህር ቃሉ ድክመት ተብሎ ይመዘገብበታል። ስለዚህ ዝም ይላል።

የዝምታው ክብደት የታየው ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ ነበር። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኑ፤ አንድም ተማሪ ያላለፈባቸው ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች መምህራኑ እርስ በርስ ተጽናንተዋል፣ ተማሪዎቹም አብረው አልቅሰዋል። ርዕሰ መምህሩ ግን ወላጅ ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ማታ ይህን ከማን ጋር እንደሚያወራ የጠየቀው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በእኔ ልምድ የሚረዳው በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ማስተማርን አለመተው ነው። ያኔ መምህራኑ ስለ ተጨናነቀው ክፍልና ስለጎደለው መጽሐፍ እንደ ባልደረባ ያወሩሃል። ቢሆንም ውጤት መሙላትህ አይቀርምና ሙሉ መድኃኒት አይሆንም።

ሙሉ ነገር የሚወራው ከሌላ ርዕሰ መምህር ጋር ነው። አንተ የእሱን ውጤት አትሞላም፣ እሱም የአንተን። የጉድኝት ማዕከል የተቋቋመው አጎራባች ትምህርት ቤቶች ልምድ እንዲለዋወጡ ነበር፤ ሱፐርቫይዘሩ በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ ግን ሁሉም አፈጻጸሙን አሳምሮ ያቀርባል። እውነተኛው ወሬ የሚጀመረው ስብሰባው ተበትኖ ወደ መኪና መያዣው በእግር ሲኬድ ነው። «ጠጥቶ የሚመጣ መምህር አለኝ፣ አምስት ልጆች አሉት፤ ምን ላድርገው?» ብሎ የጠየቀኝ ባልደረባዬ ከደቂቃዎች በፊት ስለ መምህራን ሥነ ምግባር መቶ በመቶ ሪፖርት አድርጎ ነበር።

ወረዳዎችን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በወር ግማሽ ቀን፣ ርዕሳነ መምህራን ብቻ፣ ያለ ሱፐርቫይዘር፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ይገናኙ። ሪፖርት አይጠየቅበት። ስለዚያ መምህር መንገድ ላይ ቆመን ከምንወያይ፣ ተቀምጠን እንወያይ።