የመምህሩ እጅ በተማሪው ሸራ ላይ

አራተኛ ክፍል ሳለን የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ግማሽ ፀሐይ ይሥሉና «ገልብጡ!» ይሉናል። እኔ የኛን ቤት ሣልኩ፤ የቆርቆሮ ጣራ፣ ደጃፉ ላይ የታሰረች ፍየል። ከ10 3 አገኘሁ። ፍየሏ ሰሌዳው ላይ የለችማ! ከዚያ ወዲህ ጎጆ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ሰሞኑን የጓደኞቻችንን ሥዕሎች ተደርድረው ሳይ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ መሰሉኝ። ያው ቢጫ፣ ያው ዓይናቸው የፈጠጠ ፊቶች። አጠገቤ የቆመው ልጅ «መምህራቸው ጎበዝ ነው» አለ። እኔ ግን መምህሩን የጠረጠርኩት እዚያው ላይ ነው።

እስክንድር ቦጎሲያን ከ1966 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኋላም እስከ 2001 ድረስ ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ከተማሪዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቅ እንደ ጥለት ደርድሮ በላዩ ላይ ይሥላል። በ1980 ከሀዋርድ የማስተርስ ዲግሪውን ያገኘው ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደላችንን ይዞ ይለጥጠዋል፣ ይሰባብረዋል፣ ያስጨፍረዋል፤ ላንብበው ብትሉ አይነበብም። እነዚህን ሁለቱን ማን ያምታታል? እስክንድር ራሱ የክታቡን ጠልሰም አፍጥጦ አይቶ የራሱን ዓለም ሠራበት። ልጆቹ የወሰዱት ያንን አፍጥጦ ማየት ይመስለኛል። ጠልሰሙንማ ማንም ይገለብጠዋል።

«ታዲያ መምህሩ ዝም ይበል ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ በጭራሽ! «እንዳሻህ ሣል» ብሎ ጋዜጣውን የሚያነብ መምህር ተማሪውን ጥሎት ሄዷል። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ተመልከቱ። ተማሪው በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ብቻ ይጀምራል። ለብቻው ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ቤቱ ቢሰበር፣ ሰዋስው ቢፋለስ መምህሩ ያለ ምሕረት ያቃናሉ። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ግን ነውር ነው። ገና ሁለት ቤት ብቻ የሚያውቀው ልጅ እንኳ የራሱን ነገር ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። የኛ የሥዕል ክፍል ይህን ገልብጦ ያዘው፦ መጀመሪያ አሥር ዓመት ቅዳ፣ የራስህን ከዚያ በኋላ እናያለን።

አንዱ በሽታ ደግሞ ብሩሽ መቀማት ነው። «አምጣ እስቲ!» ይልና መምህሩ የልጁን ሰማይ በራሱ እጅ ይቀባዋል። መቼስ ሥዕሉ ያምራል። ልጁ ግን ያንን ሥዕል ቤቱ ወስዶ አይሰቅለውም። የጥላውን አጣጣል በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቢያሳየው ምን ነበረበት? ከዚያም በፊት «ምን ልታሳየን አስበህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው? የፍየሏ እግር ከተንጋደደ እግሯን ያቃና፤ ፍየሏን ግን አያባር።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን ይቀላል። ባለፈው የአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግጥም ለዚህችው መጽሔታችን ደርሶኝ «ላቃናው» ብዬ ግማሹን ስንኝ በራሴ ቃል ለወጥኩት። ታትሞ ሲወጣ ቅጂውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችውና «ጥሩ ነው፤ የማን ነው?» አለችኝ።