ሽምደዳ የማያሻግረው ፈተና

የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ሲቃረብ በአምቦም፣ በጉደርም፣ በጊንጪም «ያለፈው ዙር ጥያቄ» የተባለ ፎቶ ኮፒ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሠልጣኙ መልሱን ከነፊደሉ ይሸመድደዋል፦ አንድ «ሐ»፣ ሁለት «ለ»። የምርጫዎቹ ቅደም ተከተል የተቀየረ ዕለት ግን ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል።

ልምድ ያለው አሠልጣኝ ትምህርቱን የሚጀምረው ወረቀቱን አሳጥፎ ነው። ሰሌዳው ላይ ስምንት ማዕዘን ይስላል፤ ከጎኑ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ሦስት ማዕዘን። ጽሑፍ የለ፣ ቀለም የለ። «ቁም» እና «ቅድሚያ ስጥ» መሆናቸውን ብዙው ሠልጣኝ አያጣውም፤ ቅርጻቸው ከሌላው ሁሉ ለምን እንደተለየ ሲጠየቅ ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ምክንያቱ ያለው መንገዱ ላይ ነው፦ ጭቃ ቢሸፍናቸው ወይም ከጀርባ ቢታዩ እንኳ በቅርጻቸው ይታወቃሉ። ሌሎቹም በየወገናቸው ይያዛሉ፤ ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቃል፣ በቀይ የተከበበው ክብ ይከለክላል፣ ሰማያዊው ክብ ያስገድዳል።

አደባባይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው? ቀድሞ የገባው ነው። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምታስነዳ መኪናው አደባባዩን በግራው አድርጎ ይዞራል፤ ስለዚህ ሊገባ የደረሰ አሽከርካሪ የሚያየው ወደ ግራው ነው። በግራ በሚነዳባት ኬንያ ቢሆን ወደ ቀኙ ያይ ነበር። ይህ የገባው ሰው ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣም አይደናገርም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ትራፊክ ፖሊሱ «ቁም» ካለስ? ይቆማል።

የፍጥነት ጥያቄም ከመንገዱ አይርቅም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲነዱ በገበያ ቀን አህያ ድንገት አስፋልቱ ውስጥ ብትገባ፣ አሽከርካሪው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያ ርቀት አለቀ ማለት ነው። ፍሬኑ ይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ገና ከዚያ በላይ ይጨመራል።

ያወቁትን የሚያስጥል ሌላም ነገር አለ፦ «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ላይ «ያልሆነው» የሚለውን ሳያዩ ማለፍ። ስለዚህ ጥያቄውን ሁለቴ ያንብቡ። ፎቶ ኮፒው እጅዎ ከገባም መልሱን ሸፍነው ምክንያቱን በራስዎ አንደበት ያስረዱ፤ ማስረዳት ካቃተዎት ለዚያ ጥያቄ ገና አልተዘጋጁም።